ሌላ እጅ ይድገመው

«ፈርገስ የዳኛውን ልጅ ሊያገባ ነው አሉ።»

ኖሊን ይህን ያለችው ብስኩቷን ሻይ ውስጥ ነክራ ነው። የነከረችው ግማሹ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ቢሰምጥም ወሬዋን አታቋርጥም። ባለፈው ሳምንት ብላዋለች፤ ትናንትም ብላዋለች፤ ዛሬ ደግሞ ገና እትብቱ ያልተቆረጠ ወሬ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ አመጣችው። የቤተ ሙከራውን ዕቃ ስታዝና ስታከፋፍል ያረጀች ሴት ናት። ጓንት ያለቀበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይሄዳል፤ ጓንት ሊወስድ የሄደ ሁሉ ወሬ ተሸክሞ ይመለሳል።

«"አሉ" የምትይው ሰውዬ የት ክፍል ነው የሚሠራው?» አለች ሎሬዳና፣ ከሻይዋ ቀና ሳትል።

«ተይ እንግዲህ ምላስሽን! የሰማሁትን ነው። ልጅቷ ኢሞጀን ትባላለች። አባቷ ዳኛ፣ እናቷ ከፈርገስ እናት ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ። ቤታቸው ወንዙ ዳር ነው፤ የራሳቸው የጀልባ ማቆሚያ አላቸው።»

«እንግዲያው ጀልባውን ያግባዋ።»

የሻይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሎሬዳናም አብራ ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። ስኳር የጨመረችበት ሻይ ግን ኮሶ ሆነባት።

ፈርገስ ትሬሎር የማንም አይደለም ብላ የምታምን ሴት ብትሆን ኖሮ ወሬው ባላሳከካት። ግን የእሷ ነበር። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እሷ እስከምታውቀው ድረስ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ኦነር ትሬሎር የፈርገስ እናት ናቸው። በብሪስበን ከተማ ትሬሎር የሚለው ስም በሆስፒታሉ መግቢያ በእብነ በረድ ተቀርጿል። ፓቫን የሚለው ስም ደግሞ ወደ ሰሜን ርቆ፣ ኢንገም በተባለች የሸንኮራ አገዳ ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ትራክተር ጎን ላይ አለ፤ እሱም በቀለም ነው፤ ግማሹ ተልጧል። የሎሬዳና አያት ከጣሊያን አገር የመጡት አገዳ ሊቆርጡ ነበር። ልጃቸውም አገዳ ተከለ። ሎሬዳና ግን የዶክትሬት ወረቀቷን ይዛ እዚህ ወንዝ ዳር ተቀመጠች፤ ሰው «ከሰሜን ነሽ አይደል?» ሲላት በጥያቄው ውስጥ የተደበቀችውን ፈገግታ እያየች፣ እያየችም እንዳላየች እየሆነች።

ፍቅራቸው የተጀመረው በማይክሮስኮፑ ክፍል ጨለማ ውስጥ ነው። የዚያ ክፍል መብራት ሥራ ላይ ከተሆነ አይበራም፤ የሚያበሩት ሕዋሳቱ ናቸው።

«ነይ እስቲ፣ እነዚህ ከዋክብትሽ ምን እያሉ እንደሆነ አስተርጉሚልኝ» ብሏት ነበር፣ ከሌላ አገር ቤተ ሙከራ ተመልሶ እዚህ ሥራ በጀመረ ሰሞን።

አስተረጎመችለት። ሕዋስ ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው። አንዱ የአደጋ ነው፤ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጎረቤቱ ላይ ይረጫል፤ ሰፈሩ ይታወካል። ሌላው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ተጽፎ የኖረ ሞት ነው። ትእዛዙ ሲደርሰው ይኮማተራል፤ ጓዙን ይጠቀልላል፤ ራሱን በትናንሽ ጥቅል ይከፋፍላል፤ ጎረቤቶቹም ድምፅ ሳያሰሙ ይውጡታል። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ። ካንሰር ማለት ይህን ትእዛዝ አልሰማም ያለ ሕዋስ ነው። የሎሬዳናን እናት የገደለቻት ትከሻዋ ላይ የወጣች አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት፤ የአገዳ ማሳው ፀሐይ የጻፋት ነጥብ። ልጅየዋም ከባሕር ስፖንጅ የወጣ ንጥረ ነገር ይዛ የዚያኑ የቆዳ ካንሰር ጆሮ ልትከፍት ዓመታት ታገለች። ተከፈተላት። ሕዋሳቱ ትእዛዙን ሰሙ። መሞት ጀመሩ።

«መሞታቸውን በምን አወቅሽ?» አለ ፈርገስ።

«ሕዋስ ለመሞት ሲቆርጥ የካፖርቱን ገበር ወደ ውጭ ይገለብጣል። ይሄ አረንጓዴ ቀለም የሚይዘው ገበሩን ብቻ ነው። ቀዩ ደግሞ ካፖርቱ ከተቀደደ በኋላ ነው የሚገባው። አረንጓዴ ብቻ የሆነው ወስኗል፤ ገና አልፈረሰም። ሁለቱንም የያዘው አብቅቶለታል።»

«አረንጓዴዎቹ መመለስ ይችላሉ?»

«መድኃኒቱ ቶሎ ከታጠበላቸው አንዳንዶቹ ይመለሳሉ።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«እሱን ያወቀ የለም። ማለፉ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።»

ሌላ አልጠየቀም። እጁ በጨለማው እጇን ፈልጎ አገኘ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ የሚሞቱ ከዋክብት እያዩ፣ በሕይወታቸው እንደዚያ ተደስተው አያውቁም።

ኦነር ትሬሎር አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ቤተ ሙከራው ሁሉ በሕጉ ይምላል፤ ሕጉንም ይረግማል። አንድ ሰው ያገኘው ውጤት ውጤት አይባልም። «ሌላ እጅ ይድገመው» ይላሉ። ያ ሌላ እጅ የሥራውን መመሪያ ተቀብሎ፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ሥራው አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ይደግመዋል። ተመሳሳይ ነገር ካገኘ ጸና፤ ካላገኘ ቀረ።

የሎሬዳና ቅጥር ሊያልቅ ነበር። ሥራዋ ከጸና ትቆያለች፤ ካልጸና ሻንጣ። ፈርገስም በወንዙ ጀልባ አብረው ሲሳፈሩ፦ «ውጤትሽ ይጽና፤ ያን ዕለት እናቴን ፊት ለፊት እነግራታለሁ» ብሏት ነበር።

«ካልጸናስ አትነግራቸውም?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሎሪ፣ ሁሉን ነገር በቢላ አትቁረጪው እንጂ።»

ዝም አለች። ዝም ማለቷን ይቅርታ አድርጎ ወሰደው። ይቅርታ አልነበረም፤ ቃሉን አጣጥፋ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ተጣጥፎ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ቀኑ ይዘረጋል።

ሁለተኛው እጅ ፈርገስ እንዲሆን ኦነር ወሰኑ። ሎሬዳና ስትሰማ ፈነደቀች። የሚወዳት ሰው በገዛ እጁ ሊያጸናላት ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ዓይኑን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ሕጉ የሚከለክለው ስለ ሥራው ማውራትን ነው፤ ፈርገስ ግን ሰላምታውንም አብሮ ከለከላት። በጀልባው ወደብ ጠበቀችው፤ አልመጣም። በስልክ ደወለች፤ «እባክሽ ትንሽ ታገሺኝ» ብሎ ዘጋው።

«አየሽ?» አለች ኖሊን፣ ጓንት እየቆጠረች። «ሰው የዳኛ ልጅ ሊያገባ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንገቱ ይደርቃል።»

«ስንት ባል አግብተሽ ነው የምታውቂው?»

«ሁለት። ሁለቱም አንገታቸው ደርቆ ነው የሄዱት።»

ሎሬዳና በዚህ አልሳቀችም። የመጀመሪያዋ ጊዜ ነበረች፤ ኖሊንም ይህን አስተዋለችና ለአንድ አፍታ ያህል በወሬዋ አፈረች።

ውጤቱ በሚነገርበት ስብሰባ ጠዋት የጃካራንዳው ዛፍ አብቦ መስኮቱን ሁሉ ሐምራዊ አድርጎት ነበር። ፈርገስ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምስሎቹን አንድ በአንድ አሳየ፤ አንድም አረንጓዴ ኮከብ የሌለባቸው ጥቁር ሰማዮች።

«ሞት አላየሁም» አለ። ድምፁ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። «ሳህኑ ላይ የነበሩት ሕዋሳት ጤነኞች ናቸው። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩት። ውጤቱ አልጸናም።»

ኦነር መነጽራቸውን አወለቁ። «ሎሬዳና?»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። በዚያ ሰዓት አንድ ጥያቄ ይበቃት ነበር። «ፈሳሹን የት አደረግኸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ። እነዚህ ሕዋሳት በሕይወት ሳሉ የሳህኑን ወለል ሙጭጭ ብለው ይዘው ይኖራሉ፤ ሲሞቱ ግን ይለቁትና የሚመገቡበት ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፈሳሹን የደፋ ሰው ሬሳውን ደፍቶ ቋሚውን ይቆጥራል። ሎሬዳና ለአንዲት ጠብታ እንኳ የምትሳሳ የገበሬ ልጅ ናት፤ ፈሳሹን እንደማይደፋ መጻፍ፣ «በአፍንጫህ ተንፍስ» ብሎ እንደ መጻፍ ስለመሰላት መመሪያው ላይ አላሰፈረችውም። ፈርገስ ደግሞ የተማረው ቆሻሻ በማይወድ ቤተ ሙከራ ነው፤ እዚያ ሳህን ከመነካቱ በፊት ፈሳሹ ተደፍቶ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ነውር ነው።

ጥያቄዋ ግን አልመጣችላትም። የመጣችባት የዳኛው ልጅ ናት። የደረቀው አንገት ነው። «ካልጸናስ» ያለችው የራሷ ድምፅ ነው።

«የዶክተር ትሬሎር እጅ ንጹሕ ነው» አለች። «ከቤተሰብ የወረሰው ነው። ማየት የፈለገውን ብቻ ያያል።»

አንድ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ጎተተ።

«ማየት የፈለግሁትንማ አይቼ ቢሆን ኖሮ...» አለ ፈርገስ።

«ጨርሰው» አሉ እናቱ።

«ጨርሻለሁ።»

ኮሪደር ላይ ተከተላት። «ሎሪ፣ ስሚኝ...»

«ዶክተር ፓቫን በለኝ።»

«የሆነውን ነው የተናገርኩት። ውሸት እንድናገርልሽ ትፈልጊ ነበር?»

«እንድታምነኝ ነው የፈለግሁት። አንተ ግን ሳህኑን አመንክ።»

መልስ ፈለገ፤ ፊቱ ላይ መልሱ ሲመጣና መልሶ ሲሄድ አየችው። እናቱ ከበሩ ብቅ ሲሉ ጨርሶ ጠፋ። ደረጃውን ስትወርድ እንባዋ አልመጣም። የመጣው እንደ ድንጋይ የከበደ ዝምታ ነበር፤ እሱንም ተሸክማው ወደ ሰሜን ሄደች።

ኢንገም ውስጥ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ይቃጠል ነበር። ጥቁር አመድ እንደ በረዶ እየተንሳፈፈ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። አባቷ ትራክተሩን አቁሞ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«ዶክተር ነሽ አላልሽም? ይሄን ጉልበቴን እይልኝ።»

«የሕዋስ ነኝ፣ ፓፓ።»

«ጉልበት ሕዋስ የለውም?» ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «እሺ፣ ሕዋሶችሽስ ዳኑ ወይስ ሞቱ?»

«ሞቱ።»

«እንዲሞቱ አልነበር የፈለግሽው?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስከፋሻል?»

«መሞታቸውን የሚያምነኝ አጣሁ።»

አባቷ መሐረብ አልነበረውም፤ የባርኔጣውን ጫፍ ሰጣት። በአመድ የጠቆረውን ባርኔጣ ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ብሪስበን ያልወጣላትን ለቅሶ እዚያ አለቀሰችው።

የፈርገስ ደብዳቤ የደረሳት ዝናቡ ሲጀምር ነው። ስሕተቱን ደርሶበታል። አንድ ቀን ሳህን ሊያጥብ የደፋውን ፈሳሽ አየው፤ ደመና ነበረው። ሰበሰበው፣ አሽከርክሮ አዘቀጠው፣ ቀለም ነካው፤ ሙታኑ ሁሉ እዚያ ነበሩ። በስብሰባ ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ተናግሯል። ሥራዋ ጸንቷል። ስሟ ከፊት ሆኖ ይታተማል። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ይላል፤ ከዚያ ስለ ማሽከርከሪያው ፍጥነት ይላል፤ ከዚያ «ፈርገስ» ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። በመስመሮቹ መካከል አንድ ቃል ፈለገች። ከፊደሎቹ ጀርባ ያለ ይመስል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ሁሉ አየችው። ሕዋስ ብቻ ነው። ሰውየው በጥንቃቄ እየተራመደ መሆኑን፣ ያልተፈቀደለትን ቃል መጻፍ ፈርቶ መሆኑን ልብ ልትለው አልፈለገችም። ብዕር አነሳች፤ ምላሷ እጇ ላይ ወረደ።

«የደፋኸውን ፈሳሽ መልሰህ ስለመረመርክ አመሰግናለሁ። የደፋኸኝን ግን ተወኝ።»

ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ስትጥለው ያሸነፈች መሰላት። እቤት እስክትደርስ ድረስ መሰላት።

ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። ሥራዋ ታተመ፤ ኦነር ትሬሎር በራሳቸው እጅ ጽፈው ለንግግር ጠሯት። ሎሬዳና አልሄድም አለች፤ ከዚያ ሻንጣዋን አወጣች። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም አልነገረችም። ለአንድ ጥያቄ ነበር። አንዲት ጥያቄ አገዳውን ሁሉ ያቃጠለው እሳት ያላቃጠላት።

ኖሊን በሩ ላይ አቀፈቻት። «ፈርገስ የዳኛውን ልጅ አገባ እኮ! አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

«እኔስ ውሸት በሆነ ብዬ ነበር» አለች ኖሊን፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

ከንግግሩ በኋላ እግሯ ራሱ ወሰዳት። የማይክሮስኮፑ ክፍል ጨለማ ነበር፤ ፈርገስ ውስጥ ነበር። ሌላ ከተማ ሊሄድ መስታወቶቹን በሣጥን እየደረደረ ነው። ከማሽኑ የወጣው ትንሽ አረንጓዴ ብርሃን ግራ እጁ ላይ አርፎ ቀለበቱን አሳያት።

«ጥሩ ተናገርሽ» አለ።

«እንኳን ደስ አለህ።»

«አመሰግናለሁ።»

ሁለቱም እዚያው ቆሙ። መውጫው በር ከእሷ ጀርባ ነው፤ ሁለቱም አልሄዱበትም።

«አንድ መስመር ጻፍሽልኝ» አለ ፈርገስ። «ወረቀቱ እስኪበጣጠስ ኪሴ ይዤው ዞርኩ።»

«ለምን አልመጣህም?»

«ተወኝ አልሽ። እኔ የሰጡኝን መመሪያ እንደተጻፈው የምሠራ ሰው ነኝ። ታውቂኛለሽ።»

«መመሪያ አልነበረም! ጩኸት ነበር! ሰው ተወኝ ሲል...» ድምጿ ተሰበረ። «ሰው ተወኝ ሲል መጥቶ በር የሚያንኳኳ ይፈልጋል፣ አንተ ደረቅ!»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«አሁን ነው።»

ፈርገስ በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ያዘ። «ኢንገም መንገድ ላይ ነበርኩ እኮ። ግማሽ መንገድ ሄጄ ከነዳጅ ማደያ ተመለስኩ። ፊት ለፊቴ በሩን ብትዘጊውስ ብዬ። ባንቺ በሰው ሁሉ ፊት ተዋርጄ... እሱን ቻልኩት። በሩን ግን አልችለውም ነበር።»

«እከፍተው ነበር።»

አለቀሰ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይወርዳል። እጇ ራሱን ችሎ ተነሳ፤ ፊቱ ጋ ሊደርስ ሲል አየር ላይ ቀረ። የሌላ ሴት ባል ነው። ያቺ ሴት ምን ጥፋት አላት?

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት» አለች።

«ጠይቂኝ።»

ለእናትህ ነግረሃቸው ታውቃለህ? አንድ ቀን እንኳ ስሜን ጠርተህ «የእኔ ናት» ብለሃቸው ታውቃለህ? ጥያቄዋ ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። አልነገርኳትም ቢላት ትሞታለች። ነግሬያታለሁ ቢላት የባሰ ትሞታለች።

«ተወው» አለች።

በዚህም ቃል እንደ በፊቱ ታዘዘላት። ተወው። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ውስጡ የቀረው ጨለማ አብሯት ወጣ፤ ከቤት ውጭ ያለው የብሪስበን ፀሐይም አልገፈፈላትም።

ኦነር ትሬሎር እስከ ጀልባው ወደብ ልሸኝሽ ብለው በትራቸውን ይዘው ተከተሏት። አርጅተዋል። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቦታቸውን ለእሷ ሊያስረክቡ ያስባሉ፤ ይህንኑ ነገሯት። ሎሬዳና አመሰገነች፤ ሐሳቧ ግን እዚያ አልነበረም። ቡናማው ወንዝ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጀልባው ከማዶ ተነስቷል።

«ከልጄ ጋር ተሰነባበታችሁ?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ የተናገርሽው አሞኝ ነበር» አሉ ኦነር፣ ውኃውን እያዩ። «ማየት የፈለገውን ያያል አልሽ። እሱ ግን አልደግመውም ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ አልነገረሽም?»

«ምን አሉ?»

«ሥራሽን ድገም ባልኩት ዕለት ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ "ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ሎሬዳናን ላገባት ነው፤ በእሷ ሥራ ላይ ዓይኔ አይፈርድም" አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከወደድካት አንተው ድገመው፤ ከማንም በላይ ተጠንቅቀህ ታየዋለህ አልኩት። በኋላም ማንም በፍቅር አለፈላት እንዳይላት፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰላም እንኳ እንዳትላት፣ ይህንንም ከእኔ ጋር የተነጋገርነውን እንዳትነግራት ብዬ ቃል አስገባሁት።»

ጀልባው ወደቡን ነካ። ገመድ ተወረወረ።

«ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው» አሉ ኦነር።